«ያቃጥላል»፦ የቡሬ በርበሬ፣ የሴል በር እና የአንድ ቃል ታሪክ

ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ፍኖተ ሰላም ገበያ የሚገባ እንግዳ በርበሬውን ከማየቱ በፊት ያስነጥሰዋል። ጆንያዎቹ ከተደረደሩበት ሳይደርስ ጉሮሮውን ይከረክረዋል፤ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ሻጩ ለምዶታል። እፍኝ ዛላ አንስቶ እያንኮሻኮሸ የድርቀቱን ድምፅ ያሰማዋል። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ አይንኮሻኮሽም፤ ከርሞም ይሻግታል። ወደ ቡሬ ቢያልፉ፣ ሽንዲ ደርሰው ወምበርማን ቢያዩ፣ የጃቢ ጠህናንን ገጠር ቢዞሩ ነገሩ ያው ነው፤ ወቅቱ የቀይ ዛላ ወቅት ነው።

በዚያ ገበያ ውስጥ ግን እሳት የለም። የነደደም የፈላም ነገር የለም። ጆንያው ውስጥ ቴርሞሜትር ቢሰኩ የሚነበበው የጥላው ሙቀት ነው። ታዲያ «አቃጠለኝ» የሚለው ሰው የተቃጠለው በምንድን ነው?

አማርኛ ለእሳትና ለበርበሬ ሁለት ግሥ አላወጣም። ማር ይጣፍጣል፣ ሎሚ ይኮመጥጣል፣ ግራዋ ይመራል። እያንዳንዱ ጣዕም የራሱ ግሥ አለው። በርበሬ ሲመጣ ግን ቋንቋው ከምጣዱና ከፍሙ ተበደረ፦ ያቃጥላል። ምላስም ይቃጠላል፣ ጎጆም ይቃጠላል። ለብዙ ዘመን ይህ እንደ ዘይቤ አነጋገር ብቻ ሲቆጠር ኖሯል። ዘይቤ እንዳልሆነ፣ ሰውነትም እንደ አማርኛው ሁለቱን በአንድ በር እንደሚያስተናግድ የታወቀው በቅርቡ፣ በ1997 ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

በቅድሚያ ስለ ተክሉ። በርበሬ ከጥንት ከአዳም ጀምሮ የሀበሻ ይመስላል፤ አይደለም። የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። ኮሎምቦስ በ1492 ተሻግሮ በ1493 ወደ ስፔን ሲመለስ ይዞት መጣ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች በአፍሪካና በሕንድ ዳርቻዎች አዳረሱት። እንግዲህ የአክሱም ሐውልቶች ሲቆሙ፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሲፈለፈሉ፣ በኢትዮጵያ ምድር አንድም ዛላ በርበሬ አልነበረም። ንጉሥ ላሊበላ ቀይ ወጥ አልቀመሱም ማለት ነው። ይህን ሲሰሙ የሚቆጡ አሉ፤ ታሪኩ ግን ይኸው ነው።

ከዚያ በፊት ምግብ ሁሉ አልጫ ነበር ማለት ግን አይደለም። ጥምዝ ነበር፣ ቁንዶ በርበሬ ነበር፣ ዝንጅብል ነበር፣ ሰናፍጭ ነበር። አስገራሚው ነገር እዚህ ላይ ነው። የቁንዶ በርበሬና የዝንጅብል ማቃጠያ ንጥረ ነገሮች የሚነኩት በርበሬ የሚነካውን ያንኑ የሴል በር ነው። በሩ በምላስና በአፍንጫ ውስጥ ቀድሞም ነበረ፤ ሲንኳኳም ኖሯል። ከአሜሪካ የመጣው ተክል ያመጣው አዲስ በር ሳይሆን የበረታ አንኳኪ ነው። (ሰናፍጭ ለብቻው ነው። አፍንጫን ሰንጥቆ የሚወጣው የሰናፍጭ ቁጣ የጎረቤት በር ጉዳይ ስለሆነ ከበርበሬው ማቃጠል ይለያል።)

የምዕራብ ጎጃም ወይና ደጋ ለዚህ ተክል ተስማማው። ችግኙ ከክረምት በፊት በመደብ ይፈላል፣ በሐምሌ ዝናብ ወደ ማሳ ይዛወራል፣ ከጥቅምት ጀምሮ እየቀላ ይለቀማል። ማረቆ ፋና የሚባለው ዝርያ ስሙን ከማረቆ ይዞ መጥቶ እዚህም ይዘራል። ገበሬው የሚያውቀው መከራ ደግሞ አለ። ማሳው ለምልሞ ሳለ ድንገት የሚያጠወልገው በሽታ አለ፣ ሲለቀም የሚወርድ ዋጋ አለ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ግጭቱና መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቤት ውስጥ የሚከርም ጆንያ አለ። ይህ ሁሉ የሚታወቅ ነው። ብዙም ያልተወራው ከዛላው ውስጥ ያለው ነገር ነው።

ቡሖልዝ የተባለ ጀርመናዊ የመድኃኒት ቀማሚ በ1816 የበርበሬን ማቃጠያ ከተክሉ ለይቶ አወጣ። ጆን ትሬሽ የተባለ እንግሊዛዊ በ1876 ጠጣሩን ንጥረ ነገር አግኝቶ ካፕሳይሲን አለው። ስሙ ከዚያ ወዲህ አልተቀየረም። በ1912 ዊልበር ስኮቪል የተባለ አሜሪካዊ የማቃጠሉን መጠን ለመለካት በጣም ቀላል ዘዴ አመጣ፦ የበርበሬውን ጭማቂ በስኳር ውሃ እያቀጠነ ለሰዎች አቀመሰ። «አሁን አያቃጥልም» እስኪሉ ድረስ ስንት ጊዜ እንደቀጠነ ቆጠረ፤ ቁጥሩ ልኬት ሆነ። ዛሬ መሣሪያ ይለካዋል፣ ስሙ ግን የስኮቪል መለኪያ እንደተባለ ቀርቷል።

ኬሚስቶቹ የሚያቃጥለው ነገር ምን እንደሆነ መለሱ። እንዴት እንደሚያቃጥል ግን መመለስ አልቻሉም። ለዚያ ሌላ ሐሳብ ያስፈልግ ነበር።

ያ ሐሳብ የመጣው ከበርበሬ ሳይሆን ከዶሮ ነው። በ1905 የካምብሪጁ ጆን ላንግሊ የዶሮ ጡንቻ ላይ ኒኮቲን ሲያደርግ ጡንቻው ይኮማተራል። ነርቩ ቢቆረጥም ይኮማተራል። ኩራሬ የሚባለውን የደቡብ አሜሪካ የቀስት መርዝ ሲጨምርበት ደግሞ ኒኮቲኑ ኃይሉን ያጣል። ላንግሊ ከዚህ ተነሥቶ ጡንቻው ላይ ሁለቱም የሚሻሙት «ተቀባይ ነገር» መኖር አለበት አለ። በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ፖል ኤርሊኽም መርዞችና ማቅለሚያዎች ለምን አንዱን ሴል ይዘው ሌላውን እንደሚተዉ ሲመረምር ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር። ዛሬ ሪሴፕተር የሚባለው ይህ ነው። ተቀባዩን ግን ማንም አላየውም። ለአሥርት ዓመታት «አለ ብለን እንቁጠር» ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ሆኖ ኖረ። አንዳንድ ሊቃውንት እንዲያውም ይቀልዱበት ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ይበልጥ ከባድ ነበር። አንድ ንጥረ ነገር ከሴሉ ውጭ ቆሞ እንዴት የሴሉን ውስጥ ይለውጣል? ሴል በቀጭን የስብ ሽፋን የታጠረ ነው፤ ብዙው መልእክተኛ አይገባም። መልሱን የጀመረው አሜሪካዊው ኧርል ሰዘርላንድ ነው። በ1950ዎቹ አድሬናሊን የጉበት ሴል ስኳር እንዲለቅ እንዴት እንደሚያዝ ሲያጠና አድሬናሊኑ ራሱ ደጅ እንደሚቀር፣ ውስጥ ግን ሌላ ትንሽ መልእክተኛ እንደሚፈጠር አገኘ። ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይባላል፤ በ1971 ኖቤል አሸለመው።

የጎጃምን ገጠር ለሚያውቅ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል። ጡሩምባ ነፊው ከየቤቱ አይገባም፤ ጉብታው ላይ ቆሞ ይነፋል። የሰማው ለጎረቤቱ ይናገራል፣ አንዱ መቃብር ሊቆፍር ይሄዳል፣ አንዷ ንፍሮ ትጥዳለች፣ ሌላው ዘመድ ሊጠራ ፈረስ ይጭናል። አንድ ድምፅ ነበር፤ መቶ ሰው ተነሣ። እያንዳንዱም የሚሠራው የራሱን ነው። በሴል ውስጥም ከተቀባዩ ጀርባ ያለው ሰንሰለት እንዲህ ነው። አንዱ ፕሮቲን ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ በየደረጃው ቁጥሩ ይበዛል፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ሴል ስኳር ይለቃል፣ ሌላው ይኮማተራል፣ ሌላው ይከፋፈላል። በተቀባዩና በሰንሰለቱ መካከል የሚቆሙት ጂ ፕሮቲን የሚባሉት አስተላላፊዎች ጊልማንንና ሮድቤልን በ1994 አሸልመዋል። እነሱን የሚቀሰቅሰው የተቀባይ ቤተሰብ ደግሞ በ2012 ሌፍኮዊትዝንና ኮቢልካን አሸለመ።

ሁሉም ተቀባይ ግን እንዲህ ረጅም ሰንሰለት አያስፈልገውም። አንዳንዱ ራሱ በር ነው። ሲነካ ይከፈታል፣ ከውጭ ያለው ጨው ወደ ውስጥ ይጎርፋል፣ ሴሉ ይነቃል። የበርበሬው ተቀባይ ከእነዚህ ወገን ነው።

እሱን ፍለጋ የተጀመረው በርበሬ በሚወድ አገር መሆኑ አያስገርምም፦ በሃንጋሪ። ሃንጋሪዎች ፓፕሪካ የሚሉት በርበሬ ለእነሱ ለጎጃም ሰው እንደሆነው ነው። ሴገድ የምትባለው ከተማቸው የፓፕሪካ ከተማ ናት። በዚያችው ከተማ አልበርት ሴንት-ጆርጂ ቫይታሚን ሲን በብዛት ያወጣው ከፓፕሪካ ነው፤ በ1937 ኖቤል ተሸልሟል። ከእሱ ቀደም ብሎ ሆጌሽ የተባለ ሌላ ሃንጋሪያዊ በ1878 የበርበሬ ጭማቂ የሚነካው የስሜት ነርቮችን መሆኑን ጽፏል። በሴገድ ሚክሎሽ ያንቾ እና ባለቤቱ አራንካ ያንቾ-ጋቦር በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተገነዘቡት ነገር ደግሞ በቡሬ ማንኛዋም በርበሬ ቀንጣሽ ሴት የምታውቀው ነው። ካፕሳይሲን በተደጋጋሚ የተሰጠው እንስሳ መጀመሪያ ይንገበገባል፣ በኋላ ይደነዝዛል። ከደነዘዘ በኋላ ካፕሳይሲኑ ብቻ ሳይሆን ሌላም የሚያንገበግብ ነገር አይሰማውም። ተማሪያቸው ያኖሽ ሶልቻኒ ከአራንካ ጋር በ1970ዎቹ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ነርቩ ላይ ካፕሳይሲንን ለይቶ የሚይዝ ተቀባይ መኖር አለበት ሲል ጻፈ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። በርበሬ በመቀንጠስ የጀመረች ሴት በመጀመሪያው ቀን ሌሊቱን እጇ ሲያቃጥላት ያድራል። በሳምንቱ ትላመዳለች። ይህ ምልከታ በቡሬም ነበረ፣ በሴገድም ነበረ። ልዩነቱ በሴገድ ከበርበሬው ማሳ አጠገብ ላብራቶሪ የነበረው ዩኒቨርሲቲ መኖሩ ነው። ጥያቄው ባይጎድልም መጠየቂያው ቦታ ጎደለ። ይህን ለወቀሳ ሳይሆን ለሒሳብ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ዛሬም በርበሬው የሚወጣው በጆንያ እንጂ በብልቃጥ አይደለም።

ተቀባዩ የተያዘው በ1997 በሳን ፍራንሲስኮ ነው። ዴቪድ ጁሊየስ ስለ ካፕሳይሲን ሲያስብ የኖረ ሰው ነበር። በኋላ በሰጠው ቃለ ምልልስ እንደተናገረው አንድ ቀን በገበያ አዳራሽ ከበርበሬና ቅመም መደርደሪያው ፊት ቆሞ ሲያሰላስል፣ ራሷም ሳይንቲስት የሆነችው ባለቤቱ «እንግዲያውስ ሥራው» አይነት ነገር አለችው። ሥራውን የያዘው ማይክል ካተሪና የተባለ ወጣት ተመራማሪ ነው።

ዘዴያቸው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ከአይጥ አከርካሪ አጠገብ ካሉት የስሜት ነርቮች ውስጥ የሚሠሩትን ጂኖች ቅጂዎች ሰበሰቡ። እነዚህን በክፍል በክፍል እያደረጉ፣ በርበሬ ጭራሽ ወደማይሰማቸው በላብራቶሪ የሚራቡ የሰው የኩላሊት ሴሎች ውስጥ አስገቡ። ሴሎቹ ውስጥ ካልሲየም ሲገባ ብርሃኑ የሚለወጥ ማቅለሚያ ጨመሩ። ከዚያ ካፕሳይሲን አፍስሰው ጠበቁ። ብዙው ክፍል ዝም አለ። አንዱ ክፍል አበራ። እሱን እንደገና ከፋፍለው፣ ያበራውን እንደገና ከፋፍለው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጂን ቀረ። ያ አንዱ ጂን፣ በርበሬ ምን እንደሆነ የማያውቅ የኩላሊት ሴል «ተቃጠልኩ» እንዲል አደረገው።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ይህን ታሪክ ታሪክ ያደረገው ነው። ካፕሳይሲኑን ትተው ሴሉን አሞቁት። ሙቀቱ 43 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ያው በር ተከፈተ። 43 ዲግሪ የሰው ቆዳ «ሞቀኝ» ማለት ትቶ «አመመኝ» ማለት የሚጀምርበት ድንበር ነው። በሩ የተፈጠረው ለእሳት ነበር፤ በርበሬ ቁልፉን ሰርቆ የሚከፍት ሌባ ነው። ቲአርፒቪ1 የሚል ስም የተሰጠው ይህ ነው፤ በ2021 ጁሊየስን ኖቤል ያሸለመው ይህ ነው። አብሮት የተሸለመው አርደም ፓታፑቲያን ቤይሩት የተወለደ አርመናዊ ሲሆን በጦርነቱ ዘመን ወደ አሜሪካ የተሰደደ ነው፤ እሱ ደግሞ የንክኪ ተቀባዮችን አግኝቷል። ሁለቱም በየፊናቸው የብርድን በር አግኝተዋል። ናና አፍ ውስጥ የሚቀዘቅዘው በረዶ ኖሮበት አይደለም፣ የብርዱን በር ስለሚከፍት ነው።

በሩ ሲከፈት ውስጥ የሚሆነውን በዝግታ ማየት ያስፈልጋል፤ የዕለት ኑሮውን የሚያስረዳው እሱ ነውና።

ካፕሳይሲን ውሃ የማይወድ፣ ስብ የሚወድ ንጥረ ነገር ነው። የሴሉ ሽፋን ደግሞ ስብ ነው። ስለዚህ ከውጭ ቆሞ አያንኳኳም፤ ሽፋኑ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ በሩን ከውስጥ በኩል ይይዘዋል። በሩ ሲበረገድ ከውጭ ሶዲየምና ካልሲየም ይገባሉ። ሶዲየሙ ነርቩን ይቀሰቅሰዋል፤ ድምፁ በነርቩ ተጉዞ አከርካሪ፣ ከዚያም አንጎል ይደርሳል። አንጎል በዚህ መስመር የመጣለትን ሁሉ የሚተረጉመው እሳት ብሎ ነው። ግንባር የሚያልበው ለዚህ ነው፤ ሰውነት የሌለ ሙቀት ሊያበርድ ይነሣል።

ካልሲየሙ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው፣ የነርቩ ጫፍ ራሱ ያከማቻቸውን ንጥረ ነገሮች እዚያው እንዲለቅ ያደርጋል። እነሱ የደም ሥሮችን ያሰፋሉ፣ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል። ቁስል ሳይኖር የቁስል ምልክት ይታያል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ቆይቶ በሩን የሚዘጉ ፕሮቲኖችን ይቀሰቅሳል፤ ያው ካልሲየም ነው ከፍቶ የሚያዘጋው። ያንቾ ያየው መደንዘዝ፣ የቀንጣሿ እጅ መላመድ፣ ሚጥሚጣ የለመደ ሰው እንደ ቀልድ መብላቱ ሁሉ መነሻው እዚህ ነው። ሕፃን «በርበሬ ለመደ» ሲባል የለመደው ምላሱ ብቻ አይደለም፤ በሩም ነው።

ውሃ የማያበርደውም ስለዚህ ነው። ስብ ከሚወድ ነገር ጋር ውሃ ምን አለው? አፍ ውስጥ ያዞረዋል እንጂ አያነሣውም። አይብ ግን ያበርዳል። ከዶሮ ወጡ ጎን አይብ፣ ከክትፎው ጎን አይብ የሚቀመጠው ለጌጥ አይደለም። ልብ የሚባለው ደግሞ አይብ የሚሠራው ቅቤው ከወጣለት አሬራ መሆኑ ነው። ስቡ ሄዷል፤ የቀረው ኬዚን የሚባለው የወተት ፕሮቲን ነው። ካፕሳይሲንን የሚይዘው ኬዚኑ ነው፤ ስቡ የወጣለት ወተትም ያልወጣለትን ያህል እንደሚያበርድ በሙከራ ታይቷል። ወጡ ከእሳት ገና ሲወርድ ይበልጥ የሚያቃጥለውም በአንድ በር ላይ ሁለት አንኳኪ ስለሚመጣ ነው፤ የእውነቱ ሙቀትና የበርበሬው።

የዶሮ ነገርም አለ። ፀሐይ ላይ በተሰጣ በርበሬ መሐል ዶሮ ገብታ ፍሬውን ስትለቅም ማየት የተለመደ ነው። ልጆች ያባርሯታል፣ እሷ ትመለሳለች፤ አያቃጥላትም። የአዕዋፍ በር ሙቀት ያውቃል፣ ካፕሳይሲን ግን አይይዘውም። ይህ በ2002 ተረጋገጠ። ለተክሉ ይህ ታላቅ ጥቅም ነው፤ አይጥ ፍሬውን አኝኮ ይፈጨዋል፣ ወፍ ግን ውጣ እንደዋጠችው ሩቅ ወስዳ ትጥለዋለች። እንግዲህ ማቃጠሉ ከመጀመሪያው የታሰበው ለጥርስ ላለው ነበር። የሰው ልጅ ጥርስ እያለው መውደዱ የተክሉ ስሌት ውስጥ ያልገባ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቁስል። በሩ ሁልጊዜ በ43 ዲግሪ አይደለም የሚከፈተው። ቆዳ ሲቆስል ወይም ሲቆጣ በተጎዳው ቦታ ብራዲካይኒንና ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ መልእክተኞች ይፈጠራሉ። እነዚህ ነርቩ ላይ ባሉት በራሳቸው ተቀባዮች ያርፋሉ፤ ተቀባዮቹ በጂ ፕሮቲን በኩል ውስጠኛውን ሰንሰለት ይቀሰቅሳሉ፤ ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው የበርበሬው በር ላይ ነው። ማጠፊያውን ያላላዋል። ያን ጊዜ በሩ ለመከፈት እሳት አይጠብቅም፤ የሰውነቱ የራሱ ሙቀት ይበቃዋል። ቁስል ያለ እሳት የሚያቃጥለው፣ ፀሐይ የመታው ትከሻ ለብ ባለ ውሃ የሚያስጮኸው በዚህ ነው። አስፕሪን የሚያስታግሰው ፕሮስታግላንዲኑ እንዳይሠራ ስለሚከለክል ነው። ይህ በር የሌላቸው አይጦች በ2000 በላብራቶሪ ተራብተው ነበር። ካፕሳይሲን ያለበትን ውሃ እንደ ንጹሕ ውሃ ጠጡ፤ የተቆጣ እግራቸውንም ሙቀት እንደ ሌሎቹ አላመማቸውም።

የመድኃኒት ኩባንያዎች ይህን ሲያዩ ሮጡ። በሩን የሚዘጋ ክኒን ከተገኘ ሕመም ድል ሆነ ተባለ። ሰው ላይ ሲሞከር ግን የተሞካሪዎቹ የሰውነት ሙቀት ወጣ፤ በአንዱ ሙከራ ወደ 40 ዲግሪ ደረሰ። በሩ ለካ የሰውነትን ሙቀት ከሚቆጣጠሩት አንዱም ነበር። የተሳካው ተቃራኒው መንገድ ነው፦ መዝጋት ሳይሆን አብዝቶ ከፍቶ ማደንዘዝ። በ2009 በአውሮፓና በአሜሪካ የተፈቀደ 8 በመቶ ካፕሳይሲን ያለበት ፕላስተር አለ። አልማዝ ባለጭራ ከዳነ በኋላ ለሚቀረው የነርቭ ሕመም ለአንድ ሰዓት ይለጠፋል፤ ሕመሙን እስከ ሦስት ወር ሊያስታግስ ይችላል። ቀንጣሿ በሳምንት የምትደርስበትን መላመድ በሰዓት ማድረስ ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ግን አንድ የቆየ የቤት ልማድን ሳይነካ አልፏል። በጎጃምም በሌላው የአገሪቱ ክፍልም ያደገ ሰው «በርበሬ ማጠን» ምን እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም። ልጅ ሰረቀ፣ ወይም ዋሸ፣ ወይም ከብቱን እህል ውስጥ ለቀቀ። ፍም ይወጣል፣ ፍሙ ላይ በርበሬ ይነሰነሳል፣ ልጁ በነጠላ ወይም በጋቢ ተሸፍኖ ከጭሱ በላይ ይያዛል። ብዙ አዋቂዎች ዛሬ ይህን እየሳቁ ያወሩታል። «እኛም ታጥነን ነው ያደግነው» ይላሉ። የሚያጥኑት ወላጆችም ጨካኞች ስለሆኑ አይደለም፤ ከዱላ ይሻላል ብለው ነው። ዱላ ይሰብራል፣ ፍም ያቆስላል፣ ጭስ ግን አይነካም የሚል ስሌት አለ።

ስሌቱ ስህተት ነው፤ ስህተቱም በትክክል ከላይ የተነገረው ነው። የልጁ ነርቭ ጭስን ከፍም አይለይም። ፍሙ ካፕሳይሲኑን ወደ አየር ያወጣዋል፤ አየሩ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጉሮሮና የሳንባ ቧንቧ ውስጥ ይገባል። እጅ ወፍራም ቆዳ አለው፤ እነዚህ የላቸውም፤ ነርቮቹ ላይ ላዩን ናቸው። ሐኪሞች ሳልን ለመመርመር በሽተኛን በጣም ጥቂት ካፕሳይሲን የሚያስተነፍሱበት ዘዴ አላቸው፤ ትንሿ መጠን ጤነኛውን ሰው ታስለዋለች። ፖሊሶች ሰልፍ የሚበትኑበት የበርበሬ ርጭትም የሚነካው ይህንኑ በር ነው። ከጋቢው ሥር የሚገባው መጠን በማንም አልተለካም። አስም ላለበት ልጅ ነገሩ ከሕመምም ያልፋል፤ የቆጣው ቧንቧ ይጠባል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ትምህርት ቤቱን ስም ጠርቶ ጠቅሷል፤ ቤቱን ግን አልጠቀሰም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታትን ወንጀል ያደርጋል፤ ወላጅ ለመልካም አስተዳደግ ብሎ የሚወስደውን ሕግ የማይጥስ እርምጃ ደግሞ ከዚያ ውጭ ያደርገዋል። ማጠን ከየትኛው ወገን እንደሚወድቅ የሚወስነው እንግዲህ ጭስ አካልን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለው ነው። አንድ አቃቤ ሕግ ይህን ቢያነሣ «ምን ምልክት አለው?» መባሉ አይቀርም። ዱላ ሰምበር ይተዋል። እሳት ጠባሳ ይተዋል።

ጋቢው ተገልጦ ልጁ ሲወጣ ገላው ላይ የሚታይ ነገር የለም። ከነርቮቹ ጫፍ የተለቀቁት ንጥረ ነገሮች ግን ሥራቸውን ገና እየሠሩ ነው። የዓይኑ የደም ሥሮች ሰፍተዋል፣ የአፍንጫው ውስጥ አብጧል፣ አክታው ይወርዳል። እናቱ ፊቱን በውሃ ታጥበዋለች፤ ውሃው አይረዳም። እስኪመሽ ድረስ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ያሻል።